በባቄላና በአተር የቋንቋን ድምፅ የለዩት ወይዘሮ ደጊቱ አበረ

ከአንድ እናትና ከአንድ አባት ሁለት ሴቶች ተወለዱ። ታላቂቱ በሰባ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ከእንጅባራና ከግምጃ ቤት ገበያ አልፈው አልሄዱም፤ ታናሺቱ ዘጠኝ የአፍሪካ አገሮችን ዞራ፣ ሁለት ዲግሪ ይዛ ተመልሳለች። ሰው ሁሉ የተማረችውን ሲያደንቅ፣ የተማረችው ግን ከግማሽ ዕድሜዋ በላይ በታላቋ ስትቀና ኖራለች። ታላቂቱ ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ደጊቱ አበረ ናቸው። ታናሺቱ ይህን የምጽፈው እኔ፣ ውብአየሁ አበረ ነኝ።

ወይዘሮ ደጊቱ ከአባታቸው ከአቶ አበረ ምስጋናው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋ ኪዳኑ ሐምሌ 19 ቀን 1942 ዓ.ም. በዘንገና ሐይቅ አቅራቢያ ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ሲሆን፣ አማርኛን የተማሩት ያኔ ኮሶበር ትባል በነበረችው በእንጅባራ ትምህርት ቤት ነው። አራተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥተው እንደጨረሱ እናታችን በመታመማቸው ቤቱን ይዘው ቀሩ። በእርሳቸው ቦታ ወደ ትምህርት ቤት የተላክሁት እኔ ነኝ። በ1959 ዓ.ም. ከአቶ ይሄነው ዋጋዬ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ልጆቻቸውን አዝመራውንና ምሕረትን ወልደዋል፤ ድንችና ገብስ እያመረቱም ሁለቱንም ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በ1979 ዓ.ም. እኔ የባንቱ ቋንቋዎችን ድምፅ በዛምቢያ ለሦስት ዓመት አጥንቼ፣ አዊኛንም እንዲሁ ለማጥናት ቴፕ ተሸክሜ ወደ ቤታቸው መጣሁ። በአዊኛም ሆነ በብዙዎቹ የባንቱ ቋንቋዎች አንድ ቃል የሚታወቀው በፊደሉ ብቻ ሳይሆን ድምፁ ከፍና ዝቅ በማለቱም ጭምር ነው። አጥኚ ይህን ለመለየት ሲፈልግ ተናጋሪውን ቃሉን እንዲያፏጨው ይጠይቀዋል፤ በፉጨት ውስጥ ፊደሉ ጠፍቶ ዜማው ብቻውን ይቀራልና። በአገራችን ግን ሴት ልጅ ማፏጨቷ እንደ ነውር ይቆጠራል። እኔ እትዬ የምላቸው ወይዘሮ ደጊቱ ጥቂት አሰቡና በራቸውን ዘግተው ያፏጩ ጀመር። ለከፍተኛው ድምፅ ባቄላ፣ ለዝቅተኛው አተር እያደረጉም እያንዳንዱን ቃል በሰፌድ ላይ ይደረድሩልኝ ነበር። አቶ ይሄነው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ፉጨቱ የራሳቸው እንደሆነ ለአላፊ አግዳሚው ያስረዱ ነበር። የግምጃ ቤት ገበያተኛ «ይሄነውን በስተርጅናው እረኝነት አማረው» እያለ ሲቀልድባቸው ኖሯል።

አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል ከዛምቢያ ያመጣሁትን የቤምባ ቋንቋ ካሴት ከፈትኩላቸው። እኔ ሦስት ዓመት ጆሮዬን ያሠለጠንኩበትን፣ እርሳቸው አንድም ቃል የማያውቁትን ቋንቋ፣ ከጥዋት እስከ ምሳ ሰዓት በባቄላና በአተር ለይተው ጨረሱት። ከደብተሬ ጋር ሳመሳክረው አራት ቦታ ላይ ተለያየን፤ ደግሜ ባዳምጥ አራቱም ስሕተቶች የእኔ ነበሩ። ቅናቴ የጀመረው ያን ዕለት ነው። የጥናት ጽሑፌን ስጨርስ ስማቸውን በምስጋና ገጽ ላይ፣ ከታይፒስቷ ቀጥሎ፣ አስፍሬ አለፍኩ።

በ1994 ዓ.ም.፣ በእንጅባራ በመምህርነት ላይ ሳለሁ፣ ከካምፓላ በእትዬ ስም የተጻፈ ደብዳቤ በእኔ የፖስታ ሣጥን በኩል መጣ። የባንቱና የሌሎች አፍሪካዊ ቋንቋዎችን ድምፅ የሚያጠኑ ሰዎች ስብሰባ፣ ከጽሑፌ ጋር የተቀመጡትን ካሴቶች ሰምቶ፣ ወይዘሮ ደጊቱን በክብር እንግድነት ጠርቷቸዋል። እኔ ደግሞ አስተርጓሚያቸው ሆኜ እንድመጣ ተጠይቄያለሁ። አስተርጓሚ መባሌ አንገበገበኝ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ጤናቸው አይፈቅድም ብዬ መልስ ጻፍኩና ብቻዬን ሄድኩ። ስመለስ ያማረ ጨርቅ አመጣሁላቸው። አመስግነው ተቀበሉኝ፤ ለብሰውት ግን አይቼ አላውቅም።

አቶ ይሄነው በ2009 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ፉጨቱን የእኔ ነው የሚል ሰው ስላልነበረ፣ ወይዘሮ ደጊቱ በራቸውን ከፍተው ያፏጩ ጀመር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በባጃጅ ይመላለሱባቸው ነበር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚደርሱት እኔ ቤት ነው፤ ወደ እትዬ ቤት የሚወስደውን መንገድ ለመጠየቅ። እንዲህ እያሉ እትዬ ከመጀመሪያው ቴፕ አንስቶ ሰማንያ አራት ካሴትና ሠላሳ አንድ ደብተር ሞልተዋል።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ራስጌያቸው ተቀምጬ ሳለሁ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣

«ውቤ፣ ያኔ በእኔ ፋንታ ሄደሽ፣ ፉጨቱን ማን አፏጨልሽ?» አሉኝ።

ለካ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ደጉ በስማቸው ደብዳቤ መምጣቱን ያንኑ ሳምንት ገበያ ላይ ነግሯቸው ኖሯል። ሃያ አራት ዓመት ዝም ብለውኛል። ማንም እንዳላፏጨ፣ ከመድረኩ ላይ ከንፈሬ ደርቆብኝ ከወረቀት አንብቤ እንደተቀመጥኩ ነገርኳቸው። ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ ሳቁ። ይቅርታ ስጠይቃቸው አሥር የአዊኛ ቃላት እየሰጡ አስፏጩኝ። ስድስቱን ሳትኩ። ስድስቱንም አረሙልኝ።

ወይዘሮ ደጊቱ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ከኋላቸው ሁለት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትተዋል። ድምፅን ሁሉ የፈጠረ አምላክ የእርሳቸውን ድምፅ ከመላእክቱ ዜማ ጋር ይቁጠርልን፤ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቤተሰቡ መጽናናትን ያድልልን።

በመጨረሻም ለቤተሰቡ የማስታውቀው ውሳኔ አለ። አዝመራውና ምሕረት፣ ካሴቶቹንና ደብተሮቹን ለተማረችው ለእኔ ልትሰጡ እንደተስማማችሁ ሰምቻለሁ። አልወስድም። ምሕረት ትያዛቸው፤ የእናቷን ጆሮ የወረሰችው እርሷ ናት፤ በእርሷም ስቀና ከርሜያለሁ። በስሜ ሊታተም የተዘጋጀው የአዊኛ ድምፆች መጽሐፍ በደጊቱ አበረ ስም ይወጣል፤ ለእኔ የምስጋናው ገጽ ይበቃኛል። የካምፓላውን ደብዳቤም ዛሬ ጥዋት ለምሕረት አስረክቤያለሁ። የእኔ ቀን ደርሶ የሕይወት ታሪኬን ስትጽፉ፣ ስምንት አገር ዞረዋል በሉ። ዘጠነኛው የእትዬ ነው።