ከመሃሉ የታጨደው መስክ

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? የምታስታምሚያቸውን ሲኞራ ኦርኔላን ከአልጋ ስታነሺ ወገብሽን እንደሚይዝሽ ባለፈው በስልክ ለአባትሽ ለአባባ ስትነግሪያቸው ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። አሁን ተሻለሽ ወይ? የጣሊያን ምግብ ተስማማሽ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? ሲኞራስ ስምሽን መያዝ ጀመሩ ወይስ አሁንም በሟች እህታቸው ስም ነው የሚጠሩሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን ዘንድሮ ሌላም የጎደለ ነገር ስላለ እሱን እነግርሻለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። ስልኩን ታናሼ ሚትሩ ይነጥቀኛል፤ እትዬ ፓራስኪቫ ከጎረቤት «እስቲ ሰላም ልበላት» ብለው ይመጣሉ፤ አባባ ደግሞ አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ። ሰው ሲሰማኝ አንደበቴ ይተሳሰራል። «ደህና ነኝ፣ አዎ፣ እሺ» ብዬ እዘጋውና ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ አወራሻለሁ። ወረቀት ግን ይታገሰኛል።

አባባ በበረዶው ወራት ስለ ላይኛው መስክ የገቡትን ውል ታውቂያለሽ። ጁላይ እስኪገባ ሣሩን ላለማጨድ፣ ሲታጨድም በሞተር ሳይሆን በእጅ ማጭድ ብቻ እንዲሆን፣ በዳር በኩልም ጥቂቱን ሳይነኩ ለመተው ነው የተስማሙት። ይህን ከጠበቁ የአውሮፓ ኅብረት ድጎማ ይሰጣቸዋል፤ ካልጠበቁ ይቀርባቸዋል። ነገሩ ሁሉ በሣሩ ውስጥ ጎጆ ለሚሠሩት ወፎች፣ ከሁሉም በላይ ለክርስቴይ ሲባል ነው። ያ በማበጠሪያ ጥርስ ላይ ጥፍር የሚጎትት ሰው የሚመስል ድምፅዋ ዘንድሮም ከላይኛው መስክ ይሰማል። አንቺ እሱን ሳትሰሚ በጋ የገባ አይመስልሽም ነበር። እዚያ ይሰማል ወይ?

ስትሄጂ በሩ ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም። ላማችን ጆያና ካለች በሴፕቴምበር እመለሳለሁ፣ አይብ እየሠራን እንኖራለን፤ ላሟ ከተሸጠች ግን አንድ ዓመት ልጨምር ነው ብለሽኝ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ሣሩን ባየሁ ቁጥር የማየው አንቺን ነው። ድርቆሹ ከበቃ ጆያና በረዶውን ታልፋለች፣ ጆያና ካለፈች አንቺ ትመጫለሽ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ያለ ድጎማው ቤቱ አይቆምም። ድርቆሹም ድጎማውም ያስፈልጉናል፤ ዘንድሮ ግን ሁለቱ ተጣሉብን።

በጁን አጋማሽ ሰማዩ ጥርት አለ። ሣሩ ወገቤ ደርሶ፣ አበባው ፈክቶ፣ ሽታው እስከ ጓዳችን ይገባ ነበር። አባባ ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ማጭዳቸውን በመዶሻ ይቀጠቅጣሉ፣ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ይሞክራሉ፣ ከዚያ መልሰው ይሰቅሉታል። በማግስቱም እንደዚያው። «ሣሩ ደርሶ ቆሞ ያየኛል፣ እኔም ቆሜ አየዋለሁ! ብራስልስ ያሉት ሰዎች የሚዘንብበትንም ቀን ይቁረጡልኝ እንጂ!» ይላሉ። ጉልበታቸው መቆርጠም ጀምሮ ነበር፤ እሱ ሲጀምር ዝናብ እንደማይቀር አንቺም ታውቂያለሽ።

በዚያው ሰሞን ከግብርና ጽሕፈት ቤት ኮርኔሊያ የምትባል ወጣት ሴት መጥታ ሰውን በትምህርት ቤቱ ክፍል ሰበሰበች። እኔ ከኋላ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ገና አፏን ሳትከፍት እትዬ ፓራስኪቫ ተነስተው «እኔ የምለው ልጄ፣ ወፏ ትታለባለች እንዴ?» አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀችና «እናቴም ይህንኑ ነው የምትጠይቀኝ፤ እኛም ቤት ላም አለ» አለች። ቀኑን የቆረጠችው እሷ እንዳልሆነች፣ ለብዙ አገር አንድ ላይ የወጣ ቀን በተራራም በሜዳም እኩል እንደማይሠራ ጽፋ እንደላከች፣ መልስ ግን እንዳልመጣላት ነገረችን። ቀጥላ «በሌላው አገር ትራክተርና መድኃኒት የጨረሳቸውን ወፎች እንድታተርፉልን ነው እናንተ ጋ መጥተን የምንለምነው» አለች። ጎረቤታችን ጋሽ ጋቭሪላ «እኛ ድሆች ስለሆንን ተረፉልን በይኛ!» አሏት። «አዎ፣ እንደዚያ ነው ጋሼ» አለች። ያኔ የሳቀ የለም።

ልትጨርስ ስትል አንድ ነገር አከለች። ስታጭዱ ከዳር ወደ መሃል አትሂዱ፤ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ውጡ፣ ጫጩቶቹ መሸሻ ያገኛሉ አለች። ጋሽ ጋቭሪላ «ታዲያ መሃል የምወርድበት ሄሊኮፕተርም ከድጎማው ጋር ይመጣል?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አባባ እንኳ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ እማዬ።

የሰንዚዬኔ በዓል ዕለት ቢጫውን አበባ ለቅሜ ለሁላችንም ጉንጉን ሠራሁና አንድ በአንድ ጣሪያው ላይ ወረወርኩ፤ ጉንጉኑ ከጣሪያው የወደቀበት ሰው ዕድሜው ያጥራል ይባል የለ። የአባባም የሚትሩም የኔም ጥሩ ቦታ አረፉ። ያንቺ ግን ተንሸራቶ ተንሸራቶ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሚትሩ «የእማዬ ሊወድቅ ነው!» ብሎ ሲጮህ አፉን በእጄ ያዝኩት።

በማግስቱ ጋሽ ጋቭሪላ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን የራሳቸውን መስክ ማጨድ ጀመሩ። እሳቸው ውል ስላልገቡ በፈለጉት ቀን፣ በሞተር ማጨጃ ነው። እኔና ሚትሩ ሣር ለመበተን መንሽ ይዘን ሄድንላቸው። እንደ ልማዳችን ከዳር ጀምረው እየዞሩ እየዞሩ ወደ ውስጥ ገቡ። በመጨረሻ መሃል ላይ ልክ እንደ ደሴት ትንሽ ሣር ቆሞ ቀረ፤ ሣሩም ነፋስ ሳይኖር ይንቀሳቀስ ነበር። ልጮህ ፈልጌ ነበር፣ ድምፄ አልወጣም። ቢወጣም ከሞተሩ በላይ አይሰማም ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ክርስቴይዋ ወጥታ በታጨደው ላይ ሮጠች፣ እንደ ከሰል ፍርፋሪ የጠቆሩ ጥቂት ጫጩቶችም ተከተሏት። ሌሎቹ አልወጡም። ጋሽ ጋቭሪላ ሞተሩን አጥፍተው ጎንበስ ብለው አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሲንቀሳቀሱ እንቁራሪት መስለውኝ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም። ከዚያ ሚትሩን «ወዲያ ሂድ፣ አትይ» አሉት። ያቺን የቀረች ሣር ሳይነኳት ማጨጃውን እየገፉ ወደ ቤታቸው ወረዱ።

ክርስቴይዋ የገባችው ወደ እኛ መስክ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።

በነጋታው አባባ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲወጡ በሩ ላይ አገኘኋቸው። «የጋቭሪላ ሣር ደርቆ ሊከመር ነው። እኔም ከታች በኩል ትንሽ ልጀምር፣ ማን ያየኛል?» አሉኝ። እኔ አባባን እምቢ ብያቸው አላውቅም። ያን ቀን ግን በሩን ይዤ ቆምኩና «አይሂዱ አባባ፣ እኛ መስክ ውስጥ ናቸው» አልኳቸው። «እነማን?» አሉ። ነገርኳቸው። «ጆያናን በበረዶ ምን ታበያታለሽ፣ የወፍ ዝማሬ?» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ድጎማው እንዳይቀር ፈርቼ ይሁን ለጫጩቶቹ አዝኜ፣ እስካሁን ለይቼ አላውቀውም። ለረጅም ጊዜ አዩኝና ተመልሰው ማጭዱን ሰቀሉት።

ከዚያ በጁን መጨረሻ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ዕለት ዝናቡ መጣ። መጥቶም አልሄደም። ጁላይ ገባ፣ ማጨድ ተፈቀደ፣ ዝናቡ ግን አላባራም። ያ ወገቤ ይደርስ የነበረ ሣር ከብት የተኛበት ይመስል መሬት ላይ ተለጠፈ። አባባ በመስኮት ያያሉ፣ እኔን ግን አያዩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ ፓራስኪቫ መጥተው «ልጅቷ ናት አሉ ያስቀረችህ?» ሲሏቸው ከጓዳ ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ። አባባም «ማን አለሽ? እኔው ራሴ ነኝ የቀረሁት» አሏቸው። የበቆሎውን ገንፎ እያማሰልኩ ነበር፤ ሳላውቀው አሳረርኩት። ያንቺ ጉንጉን ይኑር አይኑር ለማየት ጠዋት ጠዋት በዝናቡ እወጣ ነበር። ከጠርዙ ላይ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር እንጂ አልወደቀም።

ፀሐይ በወጣች በማግስቱ ሳንጠራው ደቦ መጣልን። ፊት የመጡት ጋሽ ጋቭሪላ ናቸው፤ የሟች አባታቸውን የእጅ ማጭድ ይዘው ነበር። መስኩ ዳር ሁሉም ተሰልፎ ስለቱን በድንጋይ ሲያወጣ እሳቸው «ከመሃል እንጀምር» አሉ። ወንዶቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

አባባ በዕድሜያቸው ያልታጨደ ሣር ረግጠው እንደማያውቁ ታውቂያለሽ። እኔና ሚትሩ ኳስ ልናወጣ ስንገባ ምን እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ፤ አንቺንም በልጅነትሽ በዚሁ ገርፈውሻል። እኛ ዘንድ ሣር መርገጥ ማለት የቀረበ ማዕድ ላይ መቆም ነው። ሁሉም እሳቸውን አየ። አባባ ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ በባዶ እግራቸው፣ በማጭዱ እጀታ ሣሩን ወዲያና ወዲህ እየከፈሉ፣ ሰው በተኛበት ክፍል እንደሚያልፍ ሰው ቀስ ብለው ወደ መሃል ገቡ። ጋሽ ጋቭሪላም አወለቁ። ሌሎቹም አንድ በአንድ በእሳቸው ዱካ ተከተሉ።

ሥራው ከባድ ነበር እማዬ። የተኛ ሣር ለማጭድ አይመችም፣ ስለቱ ይንሸራተታል። ጀርባ ለጀርባ ሆነው ከመሃል ወደ ውጭ ሲያጭዱ እርስ በርስ ይጋጩና ይሰዳደቡ ነበር። ጋሽ ጋቭሪላ አረቄውን ቀመስ ካደረጉ በኋላ አፋቸው ተፈቶ አባባን «ቶአዴር፣ በዚህ አያያዝ ብራስልስ መድረሳችን ነው!» ይሉ ጀመር። እኛ ሴቶቹ ከኋላ በመንሽ እየሰበሰብን ነበር። ወደ ዳር ልንደርስ ስንል ሣሩ ተንቀሳቀሰና ክርስቴይዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወደ ተተወው ዳር ሮጠች። ጫጩቶቿም ከኋላዋ። ማጭዶቹ ሁሉ ቆሙ። ጋሽ ጋቭሪላ ዓይናቸው ደከም ስላለ «ወጡ? ወጡ ወይ?» ይላሉ፣ የሚመልስላቸው የለም። እኔ ነኝ «ወጡ ጋሼ! ሁሉም ወጡ!» ብዬ የጮህኩት። ደቦው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ እንደ ፍም ቀላ፣ ግን አልሸሸሁም። ጋሽ ጋቭሪላ እንደዚያን ቀን ባርኔጣቸውን አወለቁና አማተቡ።

ድርቆሹን በእንጨት ላይ ሰቅለን አደረቅነው። እንደ አምናው አረንጓዴ አይደለም፣ ጠቆር ብሏል፤ ሽታውም የሻይ ቅጠል ይመስላል። አባባ አሽትተው «ጆያና ታኮርፍ ይሆናል እንጂ ትበላዋለች» አሉ። ለእሷና ለጥጃዋ ግን አይበቃም። ስለዚህ ጥጃዋን ጥሩ ድርቆሽ ያላቸው ጋሽ ጋቭሪላ ወስደዋታል። ሚትሩ ሁለት ቀን አኮረፈ፤ አሁን ግን በአጥሩ ቀዳዳ ጨው እያላሳት ይመለሳል። ኮርኔሊያም መጥታ የቀረውን ዳር አይታ ድጎማው እንደማይቀር ነገረችን። ስለ ቀኑ እንደገና ልትጽፍ ስለሆነ አባባ የሚሉት ካለ ጠየቀቻቸው። «ወፏን አልጠላኋትም፣ ቀኑን ነው የጠላሁት በያቸው። አንድ ዓመት ብቻ ሰማዩን አይተን እንድንወስን ይተዉን» አሏት። እንዳሉት ጻፈችው። መልስ ይምጣ አይምጣ እንጃ።

ክርስቴይ በሴፕቴምበር ወደ አፍሪካ ትወርዳለች ይላሉ። አባባ ደግሞ የምትሄደው በእግሯ ነው ብለው ይከራከራሉ። እሷ ስትሄድ አንቺ ስትመጪ መንገድ ላይ ብትገናኙ እያልኩ አስባለሁ፤ ሞኝነት ነው፣ አትሳቂብኝ። ጉንጉንሽ ደርቆ ቀለሙ ጠፍቷል፣ ግን አሁንም ጠርዙ ላይ አለ። ሚትሩ በእንጨት ላውርደው ሲል ከለከልኩት።

አባባ ወገብሽን ጠብቂ፣ ከባድ ነገር ብቻሽን አታንሺ ብለውሻል። ሚትሩ ጥርሱ እንደወለቀና ኳስ እንዳትረሺ ንገሪያት ብሎኛል። እትዬ ፓራስኪቫ ጉንጭሽን በሁለት በኩል ይስማሉ፤ ስትመጪ የጣሊያን መሐረብ ይፈልጋሉ። ጋሽ ጋቭሪላ ጥጃሽ ተረበኛ ሆናለች በያት ብለዋል። ለሲኞራ ኦርኔላ ምሕረቱን ያውርድላቸው፤ በእህታቸው ስም ቢጠሩሽም አትዘኝ፣ የሚወዱትን ሰው ስም ነው የሰጡሽ።

ጆያና አለች፣ እማዬ።

ልጅሽ ኢሊንካ
ኦብቺና መንደር፣ ማራሙሬሽ፣ ሩማንያ
ጁላይ 19