ያለ እጅ የተነሣው ወፍጮ

ኅዳር 14፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ የእትዬ ጥሩዬን የበርበሬ ወፍጮ አስነሣሁ። ባላቸው አያ ደሴ ካረፉ ወዲህ ተዘግቶ ነበር። ሞተሩ መነሻ ጉልበት ስላልነበረው ማብሪያውን ሲጫኑት ያጓራል እንጂ አይዞርም፤ አያ ደሴ ወፍጮውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በእጃቸው እየሳቡ ያስነሡት ነበር። አንድ ጧት ቺንጋው ጋቢያቸውን ይዞ፣ ጎትቶ እዚያው አስቀራቸው።

እትዬ ወይ ዛሬ ይከፍቱታል፣ ወይ ነገ ልግዛው ላለ የእብናት ነጋዴ ይሸጡታል።

«አሁን ማን ሊያስነሣው ነው?» አሉኝ ከበሩ ሳያልፉ።

«ካፓሲተሩ።»

«እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

ዛሬ የገጠምኳትን፣ ሞተሩን ገፋ አድርጋ የምታስነሣ ጣሳ የምታህል ዕቃ አሳየኋቸው። ቁም ነገር ብለው አላዩዋትም። ማብሪያውን ተጫንኩ። ሞተሩ ሳያጓራ ተነሣ፤ ማንም አልነካውም። እኔ ምርቃት ስጠብቅ እትዬ ቺንጋው አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ያያሉ።

«በቃህ ደሴ፣ ልቀቀው» አሉ በቀስታ።

ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው የበርበሬውን ጆንያ አመጡ። የእብናቱ ነጋዴ ይቅርታ ያድርግልኝ።

ስለ ሞተር ያነበብኩት ሁሉ አንድ ነገር አያስረዳኝም፤ እትዬ በቺንጋው በኩል ባለፉ ቁጥር ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትተው ይዞራሉ።

መሣሪያዬን ሰብስቤ ስወጣ እኔም ያንን ቦታ ትቼ ዞሬ ወጣሁ።