የራሳቸውን ፊርማ የሻሩት መርማሪ

ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 9 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው «ለምን?» ማለት ስለሚያበዙ አባታቸው «ይቺ ልጅ ጠበቃ ሆና አንዳችንን ታሳስራለች» ይሉ ነበር። ጠበቃ ግን አልሆኑም። በ1965 ዓ.ም. በኬሚስትሪ በማዕረግ ተመርቀው በፖሊስ የምርመራ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ሥራቸው በሰው ደምና ሽንት ውስጥ አልኮል፣ አደንዛዥ ዕፅ ወይም መርዝ መኖር አለመኖሩን መለየት ነበር። ውጤት ይዞ የመጣውን ሁሉ «ይደገም» እያሉ ስለሚመልሱ፣ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ይደገም» ብለው ይጠሯቸው ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ለልጆቻቸው ሩኅሩኅ እናት፣ ለሰበብ አስባባቸው ግን ምሕረት የማያውቁ ዳኛ ነበሩ።

በ1981 ዓ.ም. አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሰክሮ ሰው ገጭቶ ገድሏል ተብሎ ታሰረ። በደሙ ውስጥ አልኮል መገኘቱን በሚገልጸው ወረቀት ላይ የፈረሙት እሳቸው ነበሩ። የሹፌሩ ሚስት ላቦራቶሪው በር ላይ ጠብቃ «እትዬ፣ ባሌ መጠጥ ባፉ ዞሮ አያውቅም» አለቻቸው። እንዲህ የማይል ዘመድ ባይኖርም ነገሩ ከነከናቸው። መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ ደሙ ማቆያ መድኃኒት በሌለው ብልቃጥ ሙቀት ውስጥ አራት ቀን መሰንበቱን አዩ። እንዲህ የሰነበተ ደም ተበላሽቶ ራሱ አልኮል ሊፈጥር ይችላል። አብሮ ተወስዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየውን ሽንት ሦስት ጊዜ መረመሩት፤ ንጹሕ ነበር።

አለቃቸው «የመሥሪያ ቤቱን ስም ታጎድፊያለሽ፣ ተይው» ቢሏቸውም ፍርድ ቤት ቀርበው «የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ሳላጣራ ነው የፈረምኩት» አሉ። ሹፌሩ ወደ ልጆቹ ተመለሰ። እሳቸው ግን ከላቦራቶሪ ተነሥተው ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት አቧራ ሲያራግፉ ከረሙ። ሲያኮርፉ ያየናቸው ቢሆንም፣ ተጸጽተው አላየናቸውም። ወደ ሥራቸው ሲመለሱ የደምና የሽንት ናሙና አወሳሰድና አቀማመጥ መመሪያ ጽፈው፣ እስከ ጡረታቸው እስከ 2003 ዓ.ም. ብዙ ወጣት መርማሪዎችን አሠልጥነዋል።

ባለፈው ዓመት በጉበት ካንሰር ታመሙ። ሐኪሙ ውጤቱን ለመንገር ሲያመነታ «ልጄ፣ እኔም ስንቱን አስለቅሻለሁ፤ አትፍራ፣ ንገረኝ» አሉት። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በባለቤታቸውና በልጆቻቸው መካከል በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ስሕተታቸውን በአደባባይ የተናገረች አንደበታቸው ዛሬ ዝም ብላለች። ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበላቸው፤ እኛንም ያጽናን።