ጉዳዩ፦ የክቡርነትዎን የግራ እጅጌ ይመለከታል

ለክቡር የመምሪያው ኃላፊ
አራተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለው ክፍል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከምድር ቤት ደረጃ ሥር ወደ አራተኛ ፎቅ እልካለሁ። ሊፍቱ ዛሬም ስለማይሠራ ሰላምታዬ በእግሩ እየወጣ ነውና ትንሽ ቢዘገይብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ቤተሰብዎ ሁሉ ደህና? የቀኝ እጅዎ ደህና እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ እኔን የሚያሳስበኝ የግራው ነው። ያን የሚያህል ሰዓት ከጠዋት እስከ ማታ ተሸክሞ የሚውል እጅ ብርታቱን እንዲሰጠው ዘወትር እጸልይለታለሁ።

እኔ በሚመሩት መሥሪያ ቤት ደረጃ ሥር፣ ከመጥረጊያ ማስቀመጫው አጠገብ፣ አንድ የስፌት መኪና ይዤ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጥኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእርስዎ በፊት አምስት ኃላፊዎች በራሴ ላይ ወጥተው በራሴ ላይ ወርደዋል፤ ደረጃው ከራሴ በላይ ነውና። የአምስቱንም ወገብ ለክቻለሁ፤ ማን በሹመቱ እንደወፈረ፣ ማን በሐሳብ እንደከሳ አውቃለሁ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የእርስዎንም አልናገርም።

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፍልኝ ከጎኔ ጠረጴዛ ዘርግታ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምትጽፈው ጎረቤቴ ናት። ቃሉ የእኔ፣ ፊደሉ የእሷ ነው። ትላልቅ ሰዎች ቁጥር ያልተሰጠው አቤቱታ አይታያቸውም ስላለችኝ እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ እሷ በብዕሯ ትከተለኛለች።

ለመጻፍ ያበቃኝ ባለፈው ሐሙስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ ሁለተኛውን እኔ ነኝ ድገሚልኝ ያልኳት። «ልብስ ሰፊው ዕድሜው በመግፋቱና የዓይኑ ብርሃን በመድከሙ እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታውን እንዲለቅ» ይላል። ጽሑፉ ትልቅና ደማቅ ነው አሉ፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ታስቦ ከሆነ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፊደል ለማያውቅ ሰው ግን ደማቁም ደብዛዛውም ያው ነው።

አንደኛ። ክቡርነትዎ በመጡ በወሩ ሠራተኛው ሁሉ ሥርዓት ያለው የቢሮ ልብስ እንዲለብስ ማዘዝዎ አይዘነጋም። እኔ በበኩሌ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ አመሰገንኩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ተላላኪዋ በነጠላ ጫማ መጥታ ከበር ተመለሰች፤ ሾፌሩ እንኳ በስተርጅና ክራቫት ማሰር ተማረ። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ እርስዎ ራስዎ ከመኪናዎ ወረዱ። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ የሱሪው መስመር ቢላዋ የመሰለ፣ ኮሌታው እንደ ወረቀት የቆመ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ። ዓይኔ ከላይ ወደ ታች እየተደሰተ ሲወርድ የግራ እጅዎ ላይ ደረሰና ቆመ። የድስት ክዳን የሚያህል ነገር ታስሮበታል። እውነቱን ልናገርና፣ እጅዎን ተሰብረው ሐኪም ያሰረልዎ ብረት መስሎኝ «እግዜር ይማርዎ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የበሩ ጥበቃ ነው ክርኔን ጎሸም አድርጎ ሰዓት መሆኑን የነገረኝ።

ኋላ ልለካዎ ስመጣ ራስዎ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች ሰዓት ነው፤ ሦስት መቶ ሜትር ውኃ ውስጥ ይሠራል፤ ዙሪያው ያለው ጥርሳም ቀለበት የሚዞረው ጠላቂው የቀረውን አየር እንዲያውቅበት ነው አሉኝ። እኔም ተደነቅኩ፤ ዛሬም እንደተደነቅኩ ነኝ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ እኔ የማውቀው ጥልቅ ውኃ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ነው። ክቡርነትዎ ደግሞ ካፊያ ጣል ባለ ቁጥር ጥበቃው ጃንጥላ እስኪያመጣ ከመኪናዎ አይወርዱም። ዋናተኛው ሰዓቱ እንጂ ባለቤቱ አለመሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በእርግጥ ሰዓቱን አልጠላሁትም። ለአሣ አጥማጅ፣ ለመርከበኛ፣ ቁምጣ ለታጠቀ ጎልማሳ ጌጥ ነው። ነገር ግን ሙሉ ልብስ ዝምታ ያለው ነገር ነው፤ አንዱ ክፍል ከሌላው በላይ አይናገርም። ቁልፉ ከጨርቁ፣ ክሩ ከቁልፉ፣ ጫማው ከሱሪው ጋር ተስማምተው ዝም ብለው በተቀመጡበት ጉባኤ መሐል የእርስዎ ሰዓት ጡሩምባ ይዞ የገባ እንግዳ ነው። ተላላኪዋ በነጠላ ጫማ ከበር ስትመለስ እሱ በየትኛው በር እንደገባ እስካሁን አልገባኝም።

ሁለተኛ። ያ ጥርሳም ቀለበት የኮትዎን የግራ እጅጌ ገበር ሦስት ጊዜ ቀዶታል። ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ በፌስታል ጠቅልላ አምጥታልኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ገበሩን ፈትቼ፣ ከውስጥ ጨርቅ ደርቤ፣ ማንም እንዳያውቅ አድርጌ ሰፍቻለሁ። በሦስተኛው «አይጥ ገብታ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ለክብርዎ ስል «ትሆናለች» አልኳት። እነሆ በእርስዎ ምክንያት በስተርጅና ዋሸሁ፤ ያውም በአይጥ ላይ።

ሦስተኛ። ይህኛው የእኔም ጥፋት አለበትና ሳልደብቅ እናገራለሁ። ለትልቁ የፎቶግራፍ ቀን ነጭ ሸሚዝ እንድሰፋልዎ ሲያዙኝ ሜትሬን ይዤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣሁ። ቀኙን ለካሁ። ግራው ላይ ስደርስ ሰዓቱን እንዲያወልቁልኝ ለመንኩ፤ አይወልቅም አሉኝ። እጅጌው ሰዓቱን እንዲያሳልፍ የግራው አፍ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋ አሉኝ። ሁለት ጣት ሙሉ ልዩነት ይኖረዋል፣ ሸሚዝ ደግሞ እንደ መንታ ልጅ ነው፣ አንዱን ከአንዱ አብልጠው ካሳደጉት ሰው ያውቅበታል ብዬ ተከራከርኩ። እርስዎ ሳቅ አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «አባባ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይስፉት። ማን ልብ ይለዋል?»

እሺ አልኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እያወቅኩ የተዛነፈ ነገር ከእጄ የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው። ጥፋቴ እሺ ማለቴ ነው፤ እሱን በራሴ ላይ ቆጥሬያለሁ፣ ክቡርነትዎም ይቁጠሩብኝ።

የሚገርመው ግን ሁለት ጣት ያሰፋሁት ሰዓቱ ከሥር ገብቶ እንዲሸሸግ መስሎኝ ነበር። በፎቶግራፉ ቀን እጅጌዎን ሽቅብ ሰብስበው ሰዓቱን ከላይ ለአደባባይ አወጡት። ሰፊው የእጅጌ አፍ ሥራ ፈት ሆኖ እንደ ደከመ ጆሮ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አራተኛ። ጎረቤቴ እዚህ ላይ ቃሉን ለስለስ አድርገው አለችኝ። ያለሰለስኩትን አላየሽም አልኳት።

በዚያ ቀን ከላይኛው መሥሪያ ቤት የመጡት እንግዳ ወይዘሮ ከጎንዎ ቆመው እጅጌዎን አዩ። ወይዘሮዋ ልባም ሴት ሳይሆኑ አይቀሩም። አንዱ ለምን ከአንዱ እንደሰፋ በፈገግታ ጠየቁዎት። ያን ጊዜ «ሰዓቴ ትልቅ ስለሆነ ነው» ቢሉ ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር፤ ማንም አይሞትም፣ ማንም ከቦታው አይነሣም። እርስዎ ግን በክፍሉ ሙሉ ሰው ፊት፣ «ልብስ ሰፊያችን አርጅቷል፣ ዓይኑ አያይም» አሉ። ወለሉን ስትወለውል የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ሰምታ ባልዲዋን እንደያዘች ወረደችና ነገረችኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይህ ነው።

አንድ ቃል ከአራተኛ ፎቅ ሲወድቅ እንዴት እንደሚከብድ ላስረዳዎ። በማግሥቱ የመዝገብ ቤቱ ሰው ግማሽ የተሰፋ ሱሪውን፣ አንዱን እግር በስፒል እንደያዝኩት፣ ወስዶ ሄደ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብሷን ያለ እኔ ሰጥታ የማታውቅ አንዲት የመምሪያው ሠራተኛ መጥታ ሦስት ጣቷን አወጣችና «ስንት ነው አባባ?» አለችኝ። ቀለደች ብዬ ሳቅሁላት። መልሱን ሳትሰማ ግን ጨርቁን አላስቀመጠችም። ሦስት አልኳት። ልጄ የምትሆን ሴት ጣቷን አስቆጠረችኝ። ቀጥሎ ሐሙስ መጣና ወረቀቱ ተለጠፈ።

ቦታው የእርስዎ ነው፤ ደረጃውም የመንግሥት ነው። ሽማግሌ ነህና ውጣ ቢሉኝ መኪናዬን በጋሪ ጭኜ፣ መርቄዎት እወጣለሁ። ዓይኑ አያይም ተብዬ ግን አልወጣም። ልብስ ሰፊ ከዓይኑ በቀር ምን አለው? ስሜ እኮ በየሰዉ ጀርባ ላይ ተሰፍቶ የሚዞር ነው። ዛሬ ሠራተኛው ሁሉ እኔ የሰፋሁለትን ኮት መስተዋት ፊት እያገላበጠ የተንሻፈፈ ቦታ እየፈለገ ነው አሉ። አያገኝም፤ ግን እየፈለገ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ናት። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በሚሰበሰብበት፣ ያን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ይቁሙልኝ። ሰዓቱን ለአንድ ደቂቃ ያውልቁና ለጥበቃው ያስይዙት፤ ጠንካራ ሰው ነው፣ ይችለዋል። ከዚያ ሁለቱን እጆችዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። የቀኙ እጅጌ አንጓዎ ላይ ልክ ተቀምጦ ይታያል። የግራው ግን ሁለት ጣት ሰፍቶ ይወዛወዛል። ሰዓቱን መልሰው ሲያስሩት ልክ ሞልቶት ይቆማል፣ አንዲት ክር አያጎድልም አያተርፍም። ሠራተኛው ያን ጊዜ በዓይኑ ያያል፦ እኔ እንዳልተሳሳትኩ፣ የታዘዝኩትን በልክ እንደሰፋሁ። እርስዎ አንድም ቃል መናገር አይጠበቅብዎትም። እጅጌው ራሱ ይናገርልኛል።

ይህን ካደረጉ ያን ሸሚዝ እንደገና ፈትቼ ሁለቱን እጅጌ እኩል እሰፋልዎታለሁ። ለእጅዎም ቀጠን ያለች፣ ከእጅጌ ሥር ገብታ የምትተኛ አንዲት ሰዓት ቢፈልጉ ደስታዬ ነው። ጠልቀው የሚዋኙበት ባሕር እስኪገኝ ድረስ ማለቴ ነው።

ለደማቁ ማስታወቂያ፣ ለሦስቱ የገበር ቀዳዳዎች፣ ለአይጧ፣ እንዲሁም በእንግዳ ፊት ስሜን ስላነሡልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ሹመትዎ እንዲረዝም፣ እጅጌዎ እንዲስተካከል፣ የግራ ትከሻዎም ከቀኙ ጋር እኩል ሆኖ እስከ ጡረታዎ እንዲዘልቅ እመኝልዎታለሁ።

ከደረጃው ሥር፣ ቀና ብሎ የሚያይዎ

ልብስ ሰፊው
(ፊርማ ስለሌለኝ የአውራ ጣቴን አሻራ አትሜያለሁ፤ መሐሉ ላይ ያለችው ነጥብ የመርፌ ጠባሳ ናት።)

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከወረቀትዎ ጎን እንዲለጠፍ
ለመዝገብ ቤቱ ሰው፣ ከአንድ እግር ሱሪው ጋር
ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ስለ ጆሮዋ
ለተላላኪዋ፣ ስለ ነጠላ ጫማዋ

ሳልረሳው፦ ሸሚዙን በለካሁዎ ጠዋት የሰዓትዎ አጭሩ ዘንግ ወደ ክርንዎ፣ ረጅሙ ወደ ትንሿ ጣትዎ ያመለክቱ ነበር። ከምሳ በኋላ ሸሚዙን ለሙከራ ሳለብስዎ አጭሩ ወደ ክርንዎ፣ ረጅሙ ወደ ትንሿ ጣትዎ። ባለፈው ማክሰኞ ተላላኪዋን ደረጃው ላይ አስቁመው ሰዓቱን እያዩ «አርፍደሻል» ሲሏት ከሥር ሆኜ ቀና ብል፣ አጭሩ ያው ወደ ክርንዎ፣ ረጅሙ ያው ወደ ትንሿ ጣትዎ። የሜትሬን መስመር እቆጥራለሁ እንጂ ቁጥር ማንበብ አልችልም። ሦስት መቶ ሜትር የሚጠልቀው ሰዓት ግን በደረቅ መሬት ላይ ከቆመ እንደሰነበተ፣ እጅዎን ይዤ ሳለሁ አንድም ጊዜ «ቲክ» ሲል እንዳልሰማሁት፣ እስከ ዛሬም ለማንም ትንፍሽ እንዳላልኩ ይወቁልኝ። የወገብዎን ምስጢር እንደጠበቅኩ የእሱንም ጠብቄ ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ አያይም ተባልኩና ምስክር ማቅረብ ግድ ሆነብኝ። ባትሪ የሚቀይር ሰው ከመንገዱ ማዶ አለ። እኔም እስከ ሰኞ እዚሁ ደረጃ ሥር ነኝ፤ ማን ስንት ሰዓት እንደሚገባ ደግሞ እንደ ወትሮዬ በበሩ የፀሐይ ጥላ አውቃለሁ።