በቀኜ የማስቀምጥሽ ለምን ነበር

ውድ ዘምዘም፣

ስልኬን ስለማታነሺ ይህን ደብዳቤ ወደ እናትሽ አገር ወደ ሶፊ ለሚመጣው ለአጎትሽ ልጅ ለመሐመድ ሰጥቼዋለሁ። እናትሽ እንደተሻላቸው ነግሮኛል፤ አልሐምዱሊላህ።

ያን ሐሙስ ልብስ ወደምንሰፋበት ወደ መኪና ግርግር መጥተሽ ሦስት ጊዜ ጠራሽኝ አሉ። አልዞርኩም። ፊት ለፊቴ ከቆመች ደንበኛ ጋር ስስቅ አየሽኝ። እናትሽ መውደቃቸውን ልትነግሪኝ ነበር የመጣሽው። ብቻሽን ወደ ሶፊ ሄድሽ። በማግስቱ ደውለሽ ያልሽኝ ከልቤ አልወጣልኝም።

«ቤት ሹክ ስልህ ትሰማለህ፤ ሰው ፊት ስጠራህ ትደነቁራለህ። የገጠር ሴት አገባ እንዳይሉህ አፈርክብኝ፣ አይደል?»

ወላሂ አላፈርኩብሽም። የደበቅኩሽ ሌላ ነው። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ልጅ ሆኜ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ በዚያው ቀረ። ስንጋባ፣ ደንቆሮ አገባች እንዳይሉሽ ዝም አልኩ። በኋላ ደግሞ ለመናገር ረፈደብኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ማዳመጫ አደረገችልኝ። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ጫጫታ ለቀቀችና በውስጡ ቀጭን ድምፅ ደበቀች። «ሲሰሙት እጅዎን ያንሱ» አለችኝ። ጫጫታው ሲቀንስ አነሳሁ። ሲበረታ እጄ ጭኔ ላይ ቀረ።

«በሁለት ጆሮ የሚሰማ ሰው» አለችኝ፣ «ጫጫታው ከወዲያ፣ ጥሪው ከወዲህ መሆኑን ይለያል። ለእርስዎ ግን ሁሉም ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ ይደባለቅብዎታል። ጸጥ ባለ ቤት ደህና ነዎት።»

አንቺም ያልሽው ይህንኑ ነው። ያየሽው እውነት ነበር፤ ምክንያቱን ነው የነፈግኩሽ።

እኛ ሰፊዎች ሁላችን ወደ ዳገቱ ዞረን በአንድ መስመር እንደምንቀመጥ ታውቂያለሽ። መንገዱ በግራችን ነው። ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናዬን አዙሬ ወደ ቁልቁለቱ ዞርኩ። አሁን ከጎረቤቴ ከዮሲ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠናል።

«አቦ፣ ምን ሆንክ? ልትጠብቀኝ ነው?» አለኝ።

«ግራ ጆሮዬ አይሰማም» አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

መርገጫውን አቆመ። «ሃያ ዓመት ስሰድብህ ዝም ያልከኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ ጨዋ መስለኸኝ!»

ሰፊው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የፈራሁት ይኸው ነበር፤ ይህን ያህል አይከብድም።

አንድ የቀረኝ አለ። ለጓደኛሽ ለሙና «ያከብረኛል፤ ሁልጊዜ በቀኙ ነው የሚያስቀምጠኝ» ስትያት ሰምቻለሁ። ክብር አልነበረም፣ ዘምዘም። የምትይው እንዳያመልጠኝ ነበር።

አሁን መንገዱ ሁሉ በቀኜ ነው። ስትመጪ እንደ ሶፊ ገበያ ጮክ ብለሽ ጥሪኝ፤ ሰው ሁሉ ይስማ። የስፌት መኪናው ጩኸት በርትቶ እኔ ካልሰማሁሽም ዮሲ ይሰማሻል። በጣቱ ያሳየኛል፤ እዞራለሁ።

ባልሽ አብዱልፈታ