ጠጠር ላይ የሚበቅለው ተክልሽ

ለአስካለ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ሸሚዜን አሁንም ራሴ አጥባለሁ፣ ኬላ ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ይኸው ደግሞ እጽፋለሁ። ልጃችን እኔ ልጻፍልህ አባዬ ብላ ነበር፤ እምቢ አልኳት። መሠረተ ትምህርት የገባሁት ታዲያ ለምን ነበር። ከተለየሽኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ።

ቤቱ ደህና ነው። አልጋውን ግድግዳ አስጠግቼዋለሁ፤ ለአንድ ሰው ይበቃል። አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ ቆየሁ። ተክሎችሽን ገደልኳቸው።

እነዚያ ሰበታ አበባ እርሻ ስትሠሪ ፈረንጁ የሰጠሽ፣ ከሜክሲኮ የመጡት ትንንሾቹ፣ ቅጠላቸው ቅቤ የተቀባ የሚመስለው፣ ትንኝ የሚይዙት። ከብሎኬት ሥራዬ ጠጠርና አሸዋ እየዘገንሽ በጣሳ ስትተክያቸው ስቄብሻለሁ። ፍግ ይገድላቸዋል፣ የቧንቧ ውሃም አይስማማቸውም፣ የዝናብ ብቻ ብለሽኝ ነበር። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ስለ ተክል ከአንቺ ልማር እንዴ አልኩ። የለቅሶው ድንኳን በተነሳ ማግስት፣ አንቺን ያከበርኩ መስሎኝ፣ ስድስቱንም ጣሳ ጥቁር አፈርና ፍግ ሞላሁት። ወር ሳይሞላ በሰበሱ። ሳነሳቸው እንደ ራሰ ወረቀት እጄ ላይ ቀሩ።

ዘራቸው የቀረው ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ጋ ብቻ ነበር፤ አንድ ሰጥተሻት ነበርና። እኔ ደግሞ የጣራሽ ውሃ ግቢዬ ይወርዳል ብዬ ሰድቤአት ከተኮራረፍን አራት ክረምት። አንቺ ከዚያው ጣራ ሥር ባልዲ ታስቀምጪ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው።

ሙት ዓመትሽ ባለፈ ማግስት ደጇ ሄድኩ። ገደልኳቸው አልኳት። ይህን መናገር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ኦቦ ተሰማ፣ ይቺን ለመጠየቅ ዓመት ፈጀብዎት ብላ ሳቀችብኝና አንዲት ቅጠል ከሥሯ ነቅላ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

ጠጠር ላይ አስተኛኋት፣ ከባልዲሽ ውሃ እያጠጣሁ ጠበቅሁ። ዛሬ ጠዋት ከጫፏ ምስር የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች። መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ አየኋት። ነይ እዪ ብዬ ልጠራሽ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ፣ ልጃችን አትግባበት። ለአዴ ጫልቱ አሸንዳዋን እጠግንላታለሁ፤ መሰላል መውጣት አላቃተኝም። የአሸንዳው ጫፍ ግን ባልዲሽ ላይ ነው የሚሆነው፣ እስካለሁ ከዚያ አይነሳም። የሳቅኩብሽን በምን እንደምከፍል አላውቅም። ለአንቺ ስድስት ጣሳ አለብኝ፤ አንዱን ጀምሬያለሁ።

ባልሽ ተሰማ
ቡራዩ