የሳቂታዋ አንሶላዎች

ወንድምዓለም፣ ሰላምታዬን ሳላስቀድም ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ባለቤቴ ደረቱን ሲታመም በሚሠራበት የሲሚንቶ መጋዘን ሕመሙ እንዳይታወቅበት ያደረግኩት እኔ ነኝ። የሥራ ጓደኞቹን በየቤታቸው እየዞርኩ ከረጢቱን እንዲያነሱለት፣ አለቃው እንዳይነቃ እንዲሸፍኑለት ለመንኳቸው። አላሳፈሩኝም። ሸፈኑለት፤ እስኪወድቅ ድረስ። ቀብሩ ላይ ሁላችሁም ድንገተኛ ሞት ነው ስትሉ ዝም አልኩ።

አሁን እንደምን ከርመሃል? ሳሉ እንዴት አደረገህ? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈህ ነው የምታነጋው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እናታችንስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ወገቤን ካልቆጠርኩት ደህና ነኝ። ፊደሉን ብቻዬን ከጋዜጣ ቁራጭ የለቀምኩ ነኝና ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ታገሰኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አብረውህ የሚሠሩት የእንጨት ቤቱ ልጆች ከባድ ከባዱን ሳንቃ እያነሱልህ፣ አንተ ቆመህ ስታይ ያለ ሹመት አለቃ እንደሆንክ ቀልደህ ጽፈሃል። ሳቅኩ፤ ከዚያ መሳቄ አንገበገበኝ። ለባለቤትህ ትንፍሽ ሳልል የሳል መድኃኒት በሰው እጅ እንድልክልህ ለምነኸኛል። አልልክም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከሥራ ቦታዬ ልጀምርልህ።

እዚህ በሰው አገር የምሠራው የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው። እያንዳንዳችን ያጠፍነውን የምንደረድርበት ጋሪ አለን፤ የሰው ጋሪ የሚነካ የለም። ምሳም እንደዚያው ነው፤ ሁሉም ዕቃውን ከፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ሰውዬ "እንብላ" ብለው፣ የሱን የምጠይቅ መስሎት ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። አለቃችን ወልጄ ቢሆን የልጄ እኩያ ናት። በስሜ ጥሩኝ ትላለች፤ ምላሴ እምቢ ብሎኝ "የኔ እመቤት" እላታለሁ፣ ትስቃለች። ጥፋት ስታይ ፊት ለፊት ትናገርና ወዲያው ትረሳዋለች። እኔን ግን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የአገራችን ሰው አንዲት ብቻ ናት፤ በሳቋ ብዛት ሳቂታዋ እላታለሁ። ባለፈው ክረምት ሳቋ ጠፋ፤ ፊቷና እግሯ ያብጥ ጀመር። እኔም እንደለመድነው ካጠፍኩት እያነሳሁ በሷ ጋሪ ላይ መደርደር ያዝኩ። አልጠየቀችኝም፣ አልነገርኳትም። የእኔ ጋሪ ሲጎድል አለቃችን ጠራችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። ትቆጣለች ስል ወንበር ሳበችልኝና፣ የታመመ ሰው ደመወዙ ሳይቋረጥ እንደሚያርፍ፣ ሐኪም እንዲያየኝ ነገረችኝ። ያኔ የባለቤቴ ጀርባ ከረጢት ተሸክሞ ታየኝ። የታመመችው ሳቂታዋ መሆኗን አወጣሁት።

ሳቂታዋ ሄዳ እንድትታከም ተነግሯት ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። "እኅቴ ብዬሽ ነበር እኮ። አሳልፈሽ ሰጠሽኝ" አለችኝ።

ኩላሊቷ ኖሯል። ትንሽ ብትቆይ አይመለስም ነበር ብሏታል ሐኪሙ። አሁን አርፋ እየታከመች ነው። ከሥራ ቦታ ግን ሄዶ የጠየቃት የለም፤ አበባ ባለበት ካርድ ላይ ሁሉም ፈረመና በፖስታ ተላከላት፣ አለቀ። እኔ ሾርባ ይዤ ሄድኩ። ድስቱን ተቀበለችኝ፤ ግቢ ግን አላለችኝም።

የየትኛው አገር ሥራ እንደሚሻል አትጠይቀኝ፤ ደክሞኛል። የባለቤቴን ከረጢት ያነሱለት እነዚያ ደጎች ሬሳውንም ተሸክመዋል። ያንተ አለቃ እዚህ እንዳለችው እንዳልሆነ አላጣሁትም። ወንበር አይስብልህም፤ ምናልባት ነገ እንዳትመጣ ይልሃል። ይበልህ። እስክትድን የቤቱን ወጪ በእኔ ጣለው። አንተ መጋዙን አስቀምጥና ሐኪም ዘንድ ሂድ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምኩ በልልኝ። ትልቁ ልጅህ ጽሕፈቱ አምሮለታል፤ እንዳይሰንፍ። ትንሿን ጉንጯን ነክሰህ ሳምልኝ። የእንጨት ቤቱን ልጆች እጅ ነሥቻለሁ፤ እንደማልቀየማቸው ንገራቸው፣ ሳንቃውን ግን ከእንግዲህ እንዳያነሱልህ።

ከማጠቢያው ቤት በላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ኅዳር ሰባት ቀን።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው በእንጨት ቤቱ አድራሻ አልላክሁትም። ፖስታው ላይ የጻፍኩት የባለቤትህን ስም ነው፤ አንተ እጅ ሲገባ እሷ አንብባ ጨርሳለች።